ሒሳብ መሥራትና ሒሳብ ማስረከብ

በቋንቋችን ውስጥ እንደ «ሒሳብ» በየዕለቱ ብዙ አገልግሎት የሚሰጡ ቃላት ጥቂቶች ናቸው። በታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል የመንገዱን ዋጋ መጠየቁ ነው፤ በምግብ ቤት ተመጋቢው ያንኑ ቃል ሲናገር የምከፍለውን ንገሩኝ ማለቱ ነው። ተማሪው «ሒሳብ ይከብደኛል» ሲል ስለ ትምህርት ዓይነት ይናገራል፤ በባንክ ሒሳብ እንከፍታለን፣ እንዘጋለን፤ የተቀያየሙ ሰዎች «ሒሳባችንን እናወራርዳለን» ሲባባሉ ደግሞ በቀልን እንጂ ገንዘብን አያስቡም። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ልብ ሊባል የሚገባው፣ አንድ ሰው ያለ አግባብ ሲጠየቅ ወይም ሲታዘዝ «በምን ሒሳብ?» ብሎ የሚመልሰው አነጋገር ነው። በዚህ ጊዜ ቍጥር የለም፣ ገንዘብም የለም፤ የሚጠየቀው ምክንያት ነው።

ይህ የመጨረሻው አነጋገር፣ ተናጋሪው ሳያውቀው፣ የቃሉን ሥር ይነካል። በግእዝ «ሐሰበ» ማለት ዐሰበ ማለትም ነው፣ ቈጠረ ማለትም ነው። አባቶቻችን በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡበትን የዘመን አቈጣጠር «ባሕረ ሐሳብ» ብለው የሰየሙት ስለዚህ ነው፤ በውስጡ ያለው ሁሉ መደመርና መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ሆኖ ሳለ ስሙ ግን «ሐሳብ» ነው። ዐረብኛም ያንኑ ሥር ይዞ «ሒሳብ» ይላል። ዛሬ በአማርኛ ሁለቱን ለያይተን፣ በልብ ያለውን ሐሳብ፣ በወረቀት ላይ ያለውን ሒሳብ እንላለን እንጂ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። በላቲን ቋንቋም እንዲሁ «ራሲዮ» የሚለው ቃል አእምሮንም፣ ምክንያትንም፣ የገንዘብ ሒሳብንም ያመለክታል። በግሪኩ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ጌታው ከመጋቢው የሚጠይቀው «ሎጎስ» ነው፤ ይህም ዮሐንስ ወንጌሉን ሲጀምር «ቃል» ለሚለው የተጠቀመበት ያው ስም ነው። ከዚህ ላይ የማይገባ ምሥጢር ለመቅዳት መቸኰል አያስፈልግም፤ ቃላት ብዙ ትርጉም ይኖራቸዋል። ሆኖም እነዚያ የጥንት ሕዝቦች ማሰብን፣ መናገርንና ሒሳብ መስጠትን በአንድ ስም መጥራታቸው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሒሳብ፣ በቍጥር የተጻፈ ቢሆንም፣ ሰው ለሰው የሚሰጠው ቃል መሆኑን ያውቁ ነበርና ነው።

ይህን ከተቀበልን አንድ ጥያቄ ይከተላል። የተሳሳተ ሒሳብና የሐሰት ሒሳብ ምን ይለያያቸዋል? ሰባትና ስምንት አሥራ አራት ነው ያለ ልጅ ተሳሳተ፤ መምህሩ ያርመዋል። ሰባትና ስምንት አሥራ አምስት መሆኑን እያወቀ፣ አንዱን ለራሱ አስቀርቶ አሥራ አራት ብሎ የጻፈው ገንዘብ ያዥ ግን አልተሳሳተም፤ ዋሸ። የሚያስገርመው በአፉ ቢዋሽ ኅሊናው የሚወቅሰው ሰው በቍጥር ሲዋሽ ብዙ ጊዜ የማይወቀስ መሆኑ ነው። «ሒሳቡን አስተካከልሁት» ይላል እንጂ «ሐሰት ተናገርሁ» አይልም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የሙያው ስም በመካከላችን የተደበላለቀ መሆኑ ይመስለኛል። ገንዘብ ያዥ ገንዘቡን የሚጠብቅ፣ ሒሳብ ያዥ ወይም መዝገብ ያዥ የገባውንና የወጣውን የሚጽፍ፣ ሒሳብ ሹም ይህን ሁሉ በበላይነት የሚመራ፣ ኦዲተር ወይም መርማሪ ደግሞ ሌላው የጻፈውን የሚመረምር ነው። አሁን ግን ማሽን ይዞ ደረሰኝ የሚደምረውንም፣ የግብር ማስታወቂያ የሚሞላውንም፣ የትልቅ ኩባንያን የዓመት መግለጫ የሚያዘጋጀውንም በአንድነት «አካውንታንት» እንላለን። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ማንኛውም ሰው ራሱን «አካውንታንት» ብሎ ቢጠራ ሕግ አይከለክለውም፤ የተጠበቀው «ቻርተርድ» የሚለው ቅጽል ያለበት ስም ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1854 የኤድንበርግ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ከንግሥቲቱ ቻርተር ሲያገኝ የጀመረ ነው። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴዎች መዝገብ እንዲይዙ ያዘዘ ሲሆን፣ የገንዘብ መግለጫ እንዴት እንደሚዘጋጅና ማን ሊመረምረው እንደሚችል ራሱን የቻለ አዋጅ የወጣው ግን በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም አዋጅ ቍጥር 847 ነው። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ለሕዝብ ለሚሠሩ መርማሪዎች ፈቃድ የሚሰጥ ሆነ።

ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ስም በሕግ ቢጠበቅም ምንነቱ ካልታወቀ ጥቅሙ ጥቂት ነው። «አካውንታንት» የሚለውን የባዕድ ስም ስንዋስ ቍጥሩን ተዋስን፣ በስሙ ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር ግን በድንበር ላይ ጥለነው የመጣን ይመስላል፤ በዚያ ቋንቋ ስሙ የሚወጣው ስለ ያዙት ነገር መልስ ከመስጠት፣ ተጠያቂ ከመሆን ነውና። ባለሙያው ሒሳብ የሚሠራ ብቻ ሳይሆን ሒሳብ የሚያስረክብ ነው። ለማን? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሙያው ታሪክ ትንሽ ብንመለስ፣ ከአንድ ገዳማዊ ጋር እንገናኛለን። አባ ሉካ ፓቾሊ የተባሉት ፍራንቸስካዊ የሒሳብ መምህርና የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወዳጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ከተማ ባሳተሙት ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የቬኒስ ነጋዴዎች መዝገባቸውን የሚይዙበትን ስልት በዝርዝር ጻፉ። ስልቱን የፈለሰፉት እሳቸው አይደሉም፤ ነጋዴዎቹ ከእሳቸው በፊት ይሠሩበት ነበር። እሳቸው ያደረጉት በሥርዓት አስፍረው ለሕዝብ ማዳረስ ነው፤ ዛሬም በመላው ዓለም የሚሠራበት የሒሳብ አያያዝ በመሠረቱ ያው ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ድርጊት ሁለት ጊዜ ይጻፋል። አንድ ነጋዴ በመቶ ብር ጨው ቢገዛ፣ ከካዝናው መቶ ብር መውጣቱ በአንድ ወገን፣ ወደ መጋዘኑ የመቶ ብር ጨው መግባቱ በሌላው ወገን ይመዘገባል። ስለዚህ ከየትም ያልመጣ ገንዘብ፣ ወዴትም ያልሄደ ገንዘብ የለም። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ሲደመሩ እኩል መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ አንድ ቦታ ስሕተት አለ። ይህ ለአእምሮ ደስ የሚያሰኝ ሥርዓት ነው፤ ሆኖም በራሱ አይበቃም። አንድ ሰው ያልተገዛ ጨው ተገዛ ብሎ የሐሰት ደረሰኝ ቢያስገባ ሁለቱ ወገኖች ያለ አንዳች ጕድለት እኩል ይመጣሉ። ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ መጋዘኑ ግን ባዶ ነው። እንግዲህ አንድ ነገር እርስ በርሱ ስለ ተስማማ ብቻ እውነት አይሆንም። በፍልስፍና ትምህርት ብዙ የተደከመበት ይህ ነጥብ በአንድ የጨው መጋዘን ውስጥ በቀላሉ ይገለጣል፤ ደግ መርማሪ መዝገቡን ከደመረ በኋላ ተነሥቶ ሄዶ ጨዉን ያያል።

አባ ሉካ ነጋዴው የመጀመሪያ መዝገቡን በመስቀል ምልክት እንዲጀምር መክረዋል። ይህን የዘመኑ ልማድ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ፣ አንዱን ለገዢ፣ ሌላውን ለሻጭ የሚያሳዩ ሁለት መዝገብ የሚይዙ ነጋዴዎችን አንሥተው፣ እነዚህ ሰዎች በሐሰት እንደሚምሉ ተናግረዋል። መስቀሉ ጌጥ አልነበረም ማለት ነው፤ መዝገቡን የመሐላ ቃል ያደርገው ነበር።

ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላ በከተሞቻችን ሁለት መዝገብ እንኳ አንሶ ሦስት የሚያዝበት ቦታ መኖሩን ንግድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ለግብር ሰብሳቢው የሚቀርበው ትርፉ ያነሰበት ነው፤ ለባንክ ብድር የሚቀርበው ትርፉ የበዛበት ነው፤ እውነተኛው በባለቤቱ መሳቢያ ተቈልፎ ይቀመጣል። ሦስቱንም የሚጽፈው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ከኮሌጅ ከወጣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነው፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ምናልባትም እኅትና ወንድሙን የሚያስተምር ወጣት። እንዲህ ያለው ወጣት ወደ ካህን መጥቶ «አባ፣ እኔ የታዘዝሁትን ጻፍሁ እንጂ አልሰረቅሁም፤ ኀጢአት አለብኝ?» ቢል ምን ይመለስለታል?

የሥነ ምግባር ትምህርት በሌላው ክፉ ሥራ ስለ መተባበር ሲናገር ልዩነት ያደርጋል። የክፉውን ሥራ ዓላማ ተቀብሎ የሚተባበር አለ፤ ዓላማውን ሳይቀበል ሥራው ለዚያ ክፉ ነገር መሣሪያ የሚሆንበትም አለ። ሐሰተኛ መሆኑን ሳያውቅ ደረሰኙን በመዝገብ ያሰፈረ ጸሐፊ በደለኛ አይደለም። እየጠረጠረ፣ ሥልጣንም ሳይኖረው የታዘዘውን የሚመዘግብ ሁኔታው ይመዘናል፤ ከክፉው ሥራ ምን ያህል ቅርብ ነው? እንቢ ቢል ምን ይደርስበታል? የሚጐዳውስ ማን ነው? ደረሰኙን ራሱ የፈጠረና «ይህ እውነተኛ ነው» ብሎ ከመግለጫው ግርጌ ስሙን የጻፈ ግን ከተባባሪ ተራ ወጥቷል። የፈረመ ሰው የሌላውን ቃል አያስተላልፍም፤ ራሱ ተናጋሪ ነው።

«ግብሩ ከአቅም በላይ ነው» የሚለውን ምክንያት ብዙዎች ያነሣሉ። አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የግብር ገማቾች ሁሉ ጻድቃን ናቸው የሚል የለም። ለዚህ ግን አቤቱታ አለ፣ ይግባኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2409 ግብር መሰወርንና የሐሰት ደረሰኝ ማዘጋጀትን ከሰባተኛው ትእዛዝ ጥሰቶች ጋር በስም ይቈጥራቸዋል። ከዚህም በላይ፣ ለባንኩ ትርፉን አብዝቶ ያቀረበ ሰው ግብር ከብዶኝ ነው ሊል አይችልም። የባንኩ ገንዘብ የአስቀማጮች ነው፤ ከአስቀማጮቹም መካከል ለልጇ ትምህርት ብላ ከእንጀራ ሽያጭ የቈጠበች እናት ልትኖር ትችላለች። ያ ወጣት አያያትም፤ እሷም አታየውም። ለእሷ ግን ቃል ሰጥቷል። ሒሳብ የሚሰጠው ለማን ነው ለተባለው መልሱ ከሞላ ጐደል ይህ ነው፤ ደመወዝ ለሚከፍለው ብቻ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ለሌለው፣ መግለጫውን አምኖ ለሚወስነው ሰው ነው። የሒሳብ ባለሙያን ከተራ ተቀጣሪ የሚለየውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የከበደ ነው፤ «እኔ እንቢ ብል ሌላው ይጽፈዋል፤ እኔም እንጀራዬን አጣለሁ» የሚለው። ከመንበረ ታቦት አጠገብ ቆሞ ምንም የማያስከፍለውን ድፍረት ለሌላው ማዘዝ ለካህን ቀላል ነው። ስለዚህ የሚቻለውን እንናገር። ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠኝ ማለት ይቻላል፤ በቃል ሲያዝ የደፈረ አሠሪ በጽሑፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ያፈገፍጋል። መጻፍን ባይቻል እንኳ መፈረምን እንቢ ማለት ይቻላል። ሌላ ሥራ እየፈለጉ መቈየት ይቻላል፤ ይህ የዘለዓለም ኑሮ ሲሆን ነው ኅሊና የሚደነዝዘው። ከዚያ ወጣት ይልቅ ግን ንግግሩ አስቀድሞ የሚገባው ለአሠሪው ነው። የሌላውን ሰው አንደበት ገዝቶ በእሱ አፍ መዋሸት በራስ አፍ ከመዋሸት አይቀልም፤ ድሃውን ወደ ኀጢአት ማስገባት ተጨምሮበታልና። እነዚህ አሠሪዎች ደግሞ በሩቅ የሚኖሩ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በቅዳሴ ጊዜ በፊተኛው መቀመጫ ይቀመጣሉ።

ችግሩ ከድህነት ብቻ የመጣ ነው የሚል ካለ የአሜሪካውን የኤንሮን ኩባንያ ታሪክ ያስታውስ። ይህ ትልቅ የኃይል ነጋዴ ዕዳውን ከመዝገብ ውጭ በተሰወሩ ድርጅቶች ደብቆ ሲያተርፍ የኖረ መስሎ ከታየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 ኪሳራውን አስታወቀ። ሒሳቡን ይመረምር የነበረው አርተር አንደርሰን በዓለም ላይ ካሉት አምስት ታላላቅ የኦዲት ድርጅቶች አንዱ ነበር። በ2000 ከኤንሮን ለምርመራው 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ለምክርና ለሌላ አገልግሎት ደግሞ 27 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ነበር። ሰነዶችን በማስጠፋቱ በ2002 ተፈረደበት፤ በ2005 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ቢሽረውም ድርጅቱ ግን አስቀድሞ ፈርሶ ነበር። እዚያ ለዳቦ የተቸገረ አልነበረም። ከሚመረምረው ሰው እጅ ያን ያህል የሚቀበል ዳኛ ዓይኑ እንደሚፈዝ ለማወቅ የተለየ ትምህርት አያስፈልግም፤ ሆኖም ሕግ አውጪዎች ይህን ተረድተው ለመርማሪዎች ጥብቅ ሕግ ያወጡት ከውድቀቱ በኋላ በ2002 ነው።

ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ስለ ሉቃስ 16 ብዙ ጊዜ እንደምትጠየቁ አውቃለሁ፤ «ጌታችን ሌባውን መጋቢ ስለ ምን አመሰገነው?» ይላሉ። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ምሳሌውን ሲያነብ ከሌላው ይልቅ አንድ ነገር ያያል። መጋቢው ካዝና አልሰበረም፤ ባለ ዕዳዎቹን ጠርቶ የመቶ ማድጋ ዘይቱን ዕዳ ኀምሳ፣ የመቶ ቁና ስንዴውን ሰማንያ ብለው ራሳቸው በእጃቸው እንዲጽፉ አደረገ። ይህ ጥርት ያለ የሰነድ ማጭበርበር ነው፤ ጽሕፈቱም የእነሱ ስለ ሆነ አብረውት ታስረዋል። ወንጌሉ ሰውየውን ዐመፀኛ ብሎ ይጠራዋል እንጂ ጻድቅ አይለውም። የተመሰገነው ብልኅነቱ፣ ሒሳብ የሚያስረክብበት ቀን መድረሱን አውቆ መንቃቱ ነው። በእኛ ዘንድ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ይባላል። ያ መጋቢ ተረቱን የሰማ ይመስል በመጨረሻው ሰዓት እንኳ በላ። የእኛ ተረት ግን የማስረከቢያውን ቀን ረስቶታል፤ በምሳሌው ሁሉ ነገር የሚንቀሳቀሰው በዚያ ቀን ምክንያት ነው።

የዚህ ተረት ጓደኛ የሆነ አንድ ልማድ አለን፤ እሱም ሒሳብ መጠየቅን እንደ ስድብ መቍጠር ነው። ለበዓል ዝግጅት ገንዘብ የሰበሰበ ሰው ወጪው እንዲገለጥ ሲጠየቅ «አታምኑኝም ማለት ነው?» ብሎ ፊቱን ያጠቍራል፤ ጠያቂውም አፍሮ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ በአደባባይ ያልተጠየቀው በየጓዳው ይታማል። በዚህ ረገድ ዕድሮቻችን ብዙ ሊያስተምሩን ይችላሉ። በደኅና ዕድር ውስጥ ገንዘቡን የሚይዘው አይጽፍም፣ የሚጽፈው አይዝም፣ ሌሎች ሰዎች ደግሞ ተመርጠው ሁለቱን ይመረምራሉ። ይህን ያደረጉት እናቶችና አባቶች የኦዲት መጽሐፍ አላነበቡም፤ በጎረቤቶቻቸው ላይ ክፉ ጥርጣሬ ስላላቸውም አይደለም። ሐቀኛው ሰው ሐቀኝነቱን የሚያሳይበት ሌላ መንገድ እንደሌለው ስለሚያውቁ ነው። መዝገብ የሌለው ንጹሕ ሰውና መዝገብ የሌለው ሌባ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 እንደምናነበው፣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ገለጠ። እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ከሐዋርያው ይልቅ ይህን ሊል የሚገባው ማን ነው? እኛ ግን ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር ያውቃል የምንለው ሰው እንዳያውቅ ስንፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖናም በቍጥር 1284 የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚያስተዳድሩ ሁሉ የገቢና የወጪ መዝገብ በሥርዓት እንዲይዙና በየዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ እንዲያዘጋጁ፣ በቍጥር 1287 ደግሞ ምእመናን ስለ ሰጡት ገንዘብ ለምእመናን ሒሳብ እንዲሰጡ ያዛል። በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም ተመሳሳይ ትእዛዝ አለው። ይህ ለካህናት የተጻፈ ነው፤ ምእመናን ሲጠይቁን ሊከፋን አይገባም።

«ኦዲተር» የሚለው ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ሰሚ» ማለት ነው። በጥንት ጊዜ ብዙ ሰው ማንበብ ስለማይችል ሒሳቡ በድምፅ ይነበብ ነበር፤ መርማሪውም ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። በገጠር ቁምስናዎቻችን ይህ ዛሬም ይቻላል። ለጸሎት ቤቱ ጣራ ከየቤቱ ሃያም ኀምሳም ብር የተቀበለ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ የሰጪውን ስምና መጠን በደብተር ጽፎ፣ ቆርቆሮው ስንት እንደ ተገዛ፣ ሚስማሩ ስንት እንደ ፈጀ፣ የቀረው በማን እጅ እንዳለ ከቅዳሴ በኋላ በጉባኤው ፊት ሊያነብ ይችላል። ማንበብ የማይችሉት አሮጊት ይሰማሉ፤ ስማቸው ሲጠራ የሰጡት ኀምሳ ብር መሆኑንና ሃያ ተብሎ አለመጻፉን ያውቃሉ። ቀና ብለውም ጣራውን ያዩታል።